የ14 ሚሊ ሜትር ትርፍ፦ ከፍ የተደረገ ፕራዶና ብረት የነካ ጎማ

ክረምቱ እንደወጣ፣ በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ አንድ ላንድክሩዘር ፕራዶ ቀስ ብሎ ወደ ጋራዣችን ገባ። በሩ ላይ መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ደረቅ ቆዳ በብረት ሲፋቅ የሚያወጣውን የመሰለ ድምፅ ከፊት ተሰማ። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከደሎ መና አካባቢ የጫካ ቡና የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። ከመኪናው ወርደው ሰላምታውን ሳንጨርስ «ወንድሜ፣ ይህ መኪና ከእግሬ ሥር ይጮኻል» አሉኝ።

ድምፁ ብርቅ አይደለም። መኪናቸውን ከፍ አድርገው ሰፊ ጎማ የሚገጥሙ ሰዎች ውሎ አድሮ ይሰሙታል። «መኪናው ከፍ ካለ ጎማው ቦታ ያገኛል» የሚለው እምነት ግን ሰው ሊያስገድል ምን ያህል እንደሚቀርብ በዚህ መኪና ላይ በዓይኔ አየሁ። ጉዳዩን ከነቁጥሩ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2006 ስሪት፣ 120 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ፕራዶ ነው። ከፋብሪካው የወጣው 265/65 አር 17 ጎማ (የመጀመሪያው ቁጥር በሚሊ ሜትር የጎማው ስፋት ነው) ለብሶ ሲሆን፣ የቸርኬው ስፋት 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 30 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ኦፍሴት ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ባለቤቱ በመጀመሪያ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን አስቀይረው መኪናውን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረጉት። ለሚሄዱበት መንገድ ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ሥራውም በንጽሕና ተሠርቷል። ከወር በኋላ አራት አዲስ ቸርኬና አራት አዲስ ጎማ ገዙ፤ ቸርኬው 9 ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴቱ ከዜሮ በታች 12፣ ጎማው 285/70 አር 17። የገጠመላቸው ሰው መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዞረ። ምንም አልነካም። «ከፍ ስላለ ሰፊ ቦታ አለው» ብሎ ሸኛቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲነዱት፣ ከአስፋልት ወደ ግቢያቸው ሲገቡ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ይሰማቸው ነበር። የፕላስቲክ ድምፅ ነው ብለው ተዉት። ከዚያ በአሰላና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ተጓዙ። ከጎባ በኋላ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ በድንገት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ በጠጠር ላይ የሚጠመዘዝ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ይዘቀዘቃል፣ በዚያው ቅጽበት መሪው እስከ መጨረሻ ይታጠፋል፣ የታጠፈው ጎማ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ሦስቱ አንድ ላይ በተገናኙበት በእያንዳንዱ የግራ ኩርባ ላይ ከእግራቸው ሥር ጩኸት ይሰሙ ነበር። ቡናውን ጭነው ሲመለሱ ድምፁ ቀነሰ። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለዞረ የፊቱ ቀለል ብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን በራሱ የተስተካከለ መስሏቸው እፎይ ብለው አዲስ አበባ ገቡ።

መኪናውን በክሪክ አንስተን የግራውን የፊት ጎማ ፈታን። የጎማው የውጭ ትከሻ፣ መሬት የሚረግጠው ክፍል ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ማለቴ ነው፣ ዙሪያውን ተፍቋል። አንድ ቦታ ላይ ሁለት መዳፍ በሚያህል ርዝመት ላስቲኩ ተቆርጦ ተነስቷል። ጥፍሬን ከቁራጩ ሥር ሰድጄ ቀና ሳደርገው የጎማው ክር ታየ። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ተፈታ ሸማ ጥለት። በዚህ ጎማ ነው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያለፈ መንገድ ቤተሰብና ቡና ጭነው የተመለሱት።

ከጎማው በስተኋላ የቦዲው መቀመጫ አለ። ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው፣ ከሻንሲው ወደ ጎን የወጣው የብረት እግር ነው፤ በነጂው እግር ሥር ስለሚገኝ ነው ድምፁ ከእግር ሥር የሚሰማው። የብረቱ ማዕዘን ቀለሙ ተፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፣ ከኋላው ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ተከምሯል። የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ተቀዶ ተጣጥፏል። በቀኝ በኩልም ያው ምልክት ነበር፣ ያነሰ ቢሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ዳዶው፣ ቸርኬውን በብሎኑ ላይ የሚያጠብቀው፣ ነው። ቶዮታ ለራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚጠቀመው ዳዶ ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ፣ ከላዩ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው። የተገዛው ቸርኬ ቀዳዳ ግን የሾጣጣ ዳዶ መቀመጫ ነው ያለው። የገጠመው ሰው ጠፍጣፋውን ዳዶ ሾጣጣው መቀመጫ ላይ አጥብቆት ነበር። በዚያ ላይ የፕራዶው ሞዞ፣ ቸርኬው የሚታሰርበት መሃል ማለቴ ነው፣ 106.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ደግሞ 110 ነው። እንዲህ ያለ ቸርኬ መሃሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ሾጣጣነት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ጎማ መሃሉን ሳያገኝ፣ በጥቂት የብረት ጠርዝ ብቻ ተይዞ ነበር የሚዞረው። ከስድስቱ ሁለቱ ዳዶዎች በእጅ ቁልፍ ሲነኩ ያለ ምንም ጉልበት ዞሩ። ጎማ ከብረት ጋር መፋተጉ ቢያንስ ይጮኻል፤ ይህኛው ድምፅ የለውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ። ብዙ ገዢ የጎማውን ስፋትና የቸርኬውን መልክ እንጂ ኦፍሴቱን አያይም። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ምን ያህል እንደ ራቀ የሚናገር ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሲያድግ ጎማው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ ውጭ ይወጣል።

ስሌቱን ከደንበኛዬ ጋር በአሮጌ የካርቶን ክዳን ላይ ሠራነው። የጎማውን ስፋት ለሁለት ከፍሎ ኦፍሴቱን መቀነስ ነው፤ ከሞዞው ፊት እስከ ጎማው የውጭ ጠርዝ ያለው ርቀት ይወጣል። የፋብሪካው ጎማ ስፋት ግማሽ 132.5 ነው፤ 30 ሲቀነስ 102.5 ሚሊ ሜትር። የአዲሱ ግማሽ 142.5 ነው፤ ኦፍሴቱ ከዜሮ በታች ስለሆነ 12 ይደመራል፣ 154.5 ይሆናል። ስለዚህ የጎማው ጠርዝ ከቀድሞው 52 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ቁመቱም አድጓል። የፋብሪካው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 776 ሚሊ ሜትር ሲሆን አዲሱ 831 ነው፤ ከመሃሉ ወደየአቅጣጫው 27 ሚሊ ሜትር ጨምሯል ማለት ነው።

«ወደ ውጭ ከወጣ ከብረቱ ሸሸ እንጂ እንዴት ይነካል?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ይስታል። የፊት ጎማ ሲታጠፍ በራሱ መሃል ላይ አይዞርም። በላይኛውና በታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዙት ክንዶች) ጫፍ ባሉት ቴስቲናዎች፣ ማለትም ተዟዟሪ መጋጠሚያዎች፣ በሚያልፍ መስመር ዙሪያ ነው የሚዞረው፣ በር በማጠፊያው ዙሪያ እንደሚዞረው። በሩ በሰፋ ቁጥር ጫፉ የሚጠርገው ወለል ይሰፋል። የግራው ጎማ ወደ ግራ ሲታጠፍ የውጭ ትከሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከማጠፊያው በራቀ መጠንም የበለጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማው 35 ዲግሪ ያህል ሲዞር፣ ወደ ውጭ ከወጣው 52 ሚሊ ሜትር ውስጥ 30 ያህሉ ወደ ኋላ ይለወጣል። ከቁመቱ ጭማሪ ደግሞ 22 ያህሉ ይደርሳል። ድምሩ ትከሻው ከቀድሞው 52 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቧል። ባለቤቱ በቤታቸው ያስቀመጡትን አሮጌ ጎማ አስመጥተን ገጥመን፣ ሞላው ሙሉ በሙሉ በተጨመቀበት ሁኔታ ስንለካ ከቦዲው መቀመጫ ጋር የነበረው ክፍተት 40 ሚሊ ሜትር ሆነ። አርባው ላይ ሃምሳ ሁለት አይገባም።

ታዲያ በቆመበት ሲዞር ለምን አልነካም? እዚህ ላይ ነው ከፍታው ሰውን የሚያታልለው። ጎማ ክብ ነው፤ በጣም ወደ ኋላ የሚወጣው በወገቡ፣ በመሃሉ ከፍታ ላይ ነው። መኪናው ከፍ ተደርጎ ሲቆም የጎማው መሃል ከቦዲው መቀመጫ በታች ይሆናል፤ ከብረቱ ፊት ለፊት የሚውለው የጎማው የላይኛው ጥምዝ ነው፣ እርሱም ወደ ፊት ስለሚያፈገፍግ ክፍተት ይታያል። ፍሬን ተይዞ ሞላው ሲጨመቅ ግን ጎማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገቡም ከብረቱ ፊት ለፊት ይደርሳል። ረጅም ሞላ ጎማው ወደ ላይ የሚቆምበትን የመጨረሻ ቦታ አይለውጠውም። ያንን የሚወስነው የላስቲኩ መግቻ ነው፤ መግቻው አልተነካም። 50 ሚሊ ሜትሩ ለቆመ መኪና ብቻ የተሰጠ ቦታ ነበር።

ይህንን በቃል ማስረዳት ይከብዳል፣ ስለዚህ አሳየኋቸው። ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ አስቀመጥነው፣ ከፊት ግራ ሞላውንና ሾኩን አወጣን፣ ጎማውን መልሰን ገጥመን ከታችኛው ብራቾ ሥር ክሪክ አስገባን። ረዳቴ የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀባው። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙረን ክሪኩን ትንሽ በትንሽ ከፍ አደረግነው። የመኪናው የቆመበት ከፍታ ላይ ስንደርስ መቀመጫውና ጎማው መካከል ጣት ይገባ ነበር። ትንሽ ከፍ ሲል ጣቴን አወጣሁ። ከዚያ ጠመኔው ብረቱ ላይ ታተመ፤ መግቻው ገና አልደረሰም ነበር። ደንበኛዬ ጎንበስ ብለው ነጩን ምልክት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ይህ ሙከራ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አዲስ ቸርኬ የሚገጥም ሁሉ ቢያደርገው እመኛለሁ። ሞላ ማውጣት ለማይችል ደግሞ ቢያንስ አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አውጥቶ፣ መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻ ማዞርና ከኋላው በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። ወደ ኋላ እየነዱ ማዞርም ይጠቅማል።

«እንግዲያው ብረቱን ቁረጥልኝ» አሉ። «ብዙ ሰው ያስቆርጣል ብለውኛል።»

እውነት ነው፣ ይቆረጣል። የመቀመጫው የፊት ማዕዘን ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ ተበይዶ ይዘጋል፤ ባትሪው ተፈትቶ፣ ውስጡ ከዝገት ተጠብቆ በጥሩ በያጅ ከተሠራ ይይዛል። እኔም ሠርቼ አውቃለሁ። ግን ቆርጠው የማይመልሱት ነገር ነው፤ ሳይዘጋ የተተወ መቀመጫ ደግሞ ጭቃና ውኃ እየያዘ ከውስጥ ሲበሰብስ ስላየሁ ወደ እርሱ የምሄደው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ መቁረጡ አንዱን ንክኪ ብቻ ነው የሚያስቀረው። ጎማው ወደ ውጭ በመውጣቱ ሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ የተሸከመው ጫና፣ ጉድጓድ ሲረገጥ መሪው ከእጅ የሚያመልጠው፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ወጥቶ ጠጠርና ጭቃ በመስተዋት ላይ የሚረጨው ሁሉ እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እነዚህን ጎማዎች የመረጡት ለምን ነበር?»

«ከመሬት ከፍ እንድል ነዋ፤ ሐረና ውስጥ ድንጋዩ ሆድ ይነካል።»

ካርቶኑን አዙሬ ሌላ ስሌት ጻፍኩ። 265/70 አር 17 የሚባል ጎማ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር 803 ሚሊ ሜትር ነው። በእርሱና በ831 መካከል ያለው ልዩነት 28 ነው። ከመሬት የሚያገኙት ግን የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። 14 ሚሊ ሜትር። ብረት ማስመሪያውን ሰጠኋቸው፤ አውራ ጣታቸውን ከላዩ አስቀምጠው ከጥፍራቸው ስፋት ጋር አስተያዩት። ከዚያ የተቆረጠውን ጎማ አዩ። ብዙም አልተነጋገርንም።

ክሩ የታየው ጎማ ምንም ቢሆን መጣሉ አይቀርም ነበር። የቀኙም ትከሻው ስለተፋቀ በሙሉ ልብ ለማንም የሚሸጥ አልነበረም። ቸርኬዎቹንና ሁለቱን ደህና የኋላ ጎማዎች፣ ለየትኛው መኪና እንደሚሆኑ በግልጽ ተነግሮት፣ ሌላ ሰው ገዛቸው። ኪሳራው ቀላል አልነበረም፤ ባለቤቱም ቅር ማለታቸው አልቀረም። በምትኩ 8 ኢንች ስፋት ያለው፣ ኦፍሴቱ 10 የሆነ ቸርኬና 265/70 አር 17 ጎማ ገዛን። እዚህ ላይ ስሌቱን አስቀድመን ጨርሰን ነው ገንዘብ የወጣው፦ የጎማው የውጭ ጠርዝ ከፋብሪካው 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወጣል፤ መሪው ሲዞር ከዚያ 11 ተኩል ያህሉ፣ ከቁመቱ ደግሞ 11 ያህሉ ወደ ኋላ ይመጣል። ከ40 ላይ 22 ወይም 23 ሲቀነስ አንድ ጣት የሚያህል ይተርፋል። በውስጥ በኩልም ጎማው ከላይኛው ብራቾ ከቀድሞው 20 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ በዚያ ወገን ስጋት የለም። ሰዎች በውስጥ በኩል እንዳይነካ ፈርተው ኦፍሴቱን በጣም ያወርዱና በውጭ በኩል ይጠመዳሉ።

ከጎማው በፊት ግን ሊሠራ ይገባ የነበረና ያልተሠራ አንድ ነገር ነበር፤ አላይመንት። መኪናው ከፍ ሲደረግ ካስተር የሚባለው ማዕዘን፣ ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ፣ ይቀንሳል፤ ማስተካከያውን ከሞላው ለውጥ በኋላ ማንም አልነካውም። የታችኛው ብራቾ በሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸው ሁለት ካም ብሎኖች በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞሩ ካስተሩ ይመለሳል፣ ጎማውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይገፋል። ከቦዲው መቀመጫ ማራቅ ማለት ይኸው ነው፤ ያለ ምንም መቁረጥ። ከካም ብሎኖቹ አንዱ ዝጎ ከጎሚኒው ብረት ጋር ተጣብቆ ስለነበር ግማሽ ቀን ፈጀብን። በየጊዜው ቅባት ቢነካው ኖሮ በአሥር ደቂቃ የሚዞር ነበር። አላይመንት የሚሠራው ልጅ ካምበሩና (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዝንባሌ) ካስተሩ ሲጠበቅ አንዱ ከሌላው እንደሚነጥቅ ያውቃል፤ ካስተሩን እስከሚቻለው አስቀድሞ ጎማው በአንድ ወገን እንዳይበላ አመዛዝኖ አሰረው።

የፕላስቲኩ ጉዳይ ቀላል ነበር። የተቀደደውን አውጥተን፣ አዲሱን በሙቅ አየር አለስልሰን ወደ ኋላ ገፋነው፣ በሁለት ክሊፕ ያዝነው። የኋላው ጎማ በምንም በኩል አልነካም።

ለዳዶው ለብቻው ጊዜ ሰጠሁት። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ጥርስ ያላቸው ሃያ አራት ሾጣጣ ዳዶዎች ገዝተን፣ ጎማው ገና በአየር ላይ እያለ በእጅ አስገብተን፣ በኮከብ ቅርጽ እየተሻገርን አጠበቅን፤ መጨረሻውን መሬት ላይ አውርደን በመለኪያ ቁልፍ ወደ 112 ኒውተን ሜትር። ብሎኖቹም በመጥበቅ ብዛት ተስበው እንደሆነ አንድ በአንድ አየን፤ ሁለቱን ቀየርን። መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተመልሰው እንዲያስጠብቁም አስማልኳቸው።

ከዚያ ሙከራውን ደገምነው። ሞላው ወጥቶ፣ መሪው ሙሉ ዞሮ፣ ክሪኩ እስከ መግቻው ከፍ ብሎ፣ በግራም በቀኝም። ጠመኔው ጎማው ላይ እንደተቀባ ቀረ። ጣቴን በጎማውና በብረቱ መካከል አስገብቼ ወደ ላይና ወደ ታች አመላለስኩት። ሞላውን መልሰን አራት ሰው ጭነን ወደ እንጦጦ ወጣን፤ ስንወርድ በየኩርባው ሆን ብዬ ፍሬን ያዝኩ። ደንበኛዬ ሬዲዮውን አጥፍተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር የሚያዳምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። የፍጥነት መለኪያውም ከጎማው ቁመት ጋር ይዛባል። በ831ዱ ጎማ መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው ከፋብሪካው ጎማ ጋር ሲነጻጸር ወደ 86 ይሄድ ነበር። በአሁኑ ልዩነቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ነው።

ደንበኛዬ እንደገና ወደ ባሌ ሄደው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ወደ ጋራዡ መጡ። የቦዲውን መቀመጫ ከመሄዳቸው በፊት ቀጭን ነጭ ቀለም ቀብተነው ነበር፤ ጭቃውን በውኃ ስናጥበው ቀለሙ ሳይፋቅ ወጣ። ዳዶዎቹ አልላሉም። የቀረን ተለዋጭ ጎማው ብቻ ነበር። በመኪናው የኋላ በር ላይ ያለው አሁንም አሮጌው 265/65 ነው፤ ከሌሎቹ 27 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ነው፤ አንዱ ጎማ ሲያንስ የመሃሉ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው ማርሽ) ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል፣ ከጎባ እስከ አዲስ አበባ ያንን ማድረግ ደግሞ ሌላ ወጪ መጥራት ነው። አምስተኛውን ቸርኬና ጎማ በዚያው ቀን አዘዙ፤ ሲመጣ ከኋላ በሩ ላይ እኔው ራሴ ሰቀልኩላቸው።